የኩብራ የገበያ ውዱእ

አልዩ አምባ ላይ ሴት በራሷ አፍ ራሷን ማሞገሷ ነውር ነው፤ ኩብራም ይህን ነውር ፈጽማ አታውቅም። ሌሎች ስለ እሷ ውዱእ ሲያወሩ ግን ዝም ብላ ታዳምጣለች፤ ወሬው ካጠረባቸውም የጎደለውን ታሟላላቸዋለች።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ሙስሊም ሶላት ከመስገዱ በፊት እጁን፣ አፉንና አፍንጫውን፣ ፊቱን፣ ክንዱንና እግሩን ይታጠባል፤ ውዱእ የሚባለው ይኸው ነው። አንዴ ከታጠበ ሽንት እስኪሸና ወይም ሌላ የሚያፈርሰው ነገር እስኪደርስበት ድረስ በዚያው ውዱእ ሌላም ሶላት መስገድ ይችላል። የአልዩ አምባ ነጋዴ ሴቶች ሎሚና ሙዝ፣ ቃሪያና ቲማቲም ይዘው ከቆላው ወደ አንኮበር፣ ወደ ጎረቤላ ገበያ ሲወጡ ግን ውሃ እንደ ልብ አያገኙም። ሽንት ቤቱም ከአንድ ጠጅ ቤት ጀርባ ያለው ብቻ ነው፤ በሩ አይገጥምም፣ ፊቱ ላይ ተሰልፈው የሚቆሙትም ወንዶች ናቸው። ስለዚህ ሴቶቹ ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ሶላት የታጠቡትን ውዱእ ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ዙህርን ይሰግዱበታል። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የሚሰገደውን የአስር ሶላት በዚያው ውዱእ ያደረሰች ሴት ደግሞ ስሟ ይነሳል።

የኩብራ ስም ሃያ ስድስት ዓመት ሲነሳ ኖሯል። እናቷም ከእሷ በፊት እንዲሁ ነበሩ፤ ሙያው በዘር የወረደ ይመስል ነበር። ኩብራ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ምላሷ የፈጠነ ሴት ናት። ባሏ ያዕቁብ ይሸምናል፣ ከወንዙ ዳር ያለችውን ቁራጭ መሬትም ያለማል፤ እሷ የሱን ሎሚና ቃሪያ ሸጣ አራት ልጆች አሳድጋለች። ጎረቤላ ላይ የአገሯ ልጅ አብዱልጀሊል ሱቅ አለው፤ ከኋላ ባለችው መጋዘን በስኳርና በጨው ጆንያ መካከል አንዲት ሰሌን ዘርግቶ ለአገሩ ሴቶች መስገጃ ትቶላቸዋል። ኩብራ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የአብዱልጀሊልን የውሃ ጀሪካን አንድ ቀን ነክታ አታውቅም። ሽንት እንዳያስቸግራት ውሃ አትጠጣም ነበር፤ ከቤት ስትወጣም፣ ገበያ ላይም፣ ሻይ ቢጋብዟትም። አብዱልጀሊል «ይቺ ሴት ከግመል ወገን ናት» እያለ ይቀልድባታል።

ሃምሳ አንድ ዓመት ሲሆናት የወር አበባዋ ቆመ። ብዙ ሴት በዚህ ትከፋለች ይባላል፤ ኩብራ ግን ደስ አላት። በእስልምና ሴት በወር አበባዋ ቀናት ሶላትም ጾምም የለባትም፤ የረመዳኑን የጎደለ ጾም በኋላ ለብቻዋ መጾም ደግሞ ሲያሰለቻት ኖሯል። አሁን ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ መስገድ፣ ረመዳንን ከዳር እስከ ዳር መጾም ልትችል ነው። «ከእንግዲህ በእኔና በጌታዬ መካከል የሚገባ ቀን የለም» አለች፤ ይህን ስትል ፊቷ ይበራ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ሽንቷ ያቃጥላት ጀመር።

መጀመሪያ የወነጀለችው የጎረቤላን ብርድ ነው። ከሞቀ ቆላ ተነስቶ እዚያ ጉም ውስጥ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ መቀመጥ ለማንም አይበጅም፤ ስለዚህ ጆንያ አጥፋ ከሥሯ አነጠፈች፣ ጋቢ ደረበች። ማቃጠሉ አልተወም። ሽንቷ በመጣ ቁጥር አሁኑኑ ካልሆነ ይላት ጀመር፤ ስትሄድ ደግሞ ጠብታ ነው። ጎረቤቷ ከልጇ ሕመም የተረፈ ባለ ሁለት ቀለም ክኒን ሰጠቻት። አራቱን ዋጠች፣ ተሻላት፣ የቀረውን ለሌላ ጊዜ ቋጥራ አስቀመጠች። ሌላው ጊዜ በሁለት ወሩ መጣ። ከዚያም ሌላ። እሷም ውሃውን ይበልጥ ቀነሰች፤ ካልገባ አይወጣም ብላ ነው። እንዲህ ያለ ሂሳብ ገበያ ላይ ይሠራል፤ ሰውነት ላይ ግን አይሠራም።

የከፋው በኋላ መጣ። ቅርጫት ብድግ ስታደርግ፣ ስትስል፣ ስታስነጥስ ጠብ ይላት ጀመር። ይህንንስ በጨርቅ ቻለችው። አንድ ቀን ግን ቤቷ ስትሰግድ ሱጁድ ወርዳ ግንባሯን መሬት ስታስነካ ጠብ አለባት።

ኩብራ እዚያው እንደተደፋች ደነገጠች። ሽንት ከወጣ ውዱእ ፈርሷል፤ ውዱእ ከፈረሰ ሶላቱ የለም። ተነሳች፣ ታጠበች፣ እንደገና ቆመች። ሁለተኛው ሱጁድ ላይ ደግሞ መጣ። ያን ቀን ዙህርን አራት ጊዜ ጀመረች፤ አራተኛውንም መጨረሷን እርግጠኛ አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ ሶላት ለእሷ ዕረፍት መሆኑ ቀረ። እየሰገደች የምታዳምጠው የምትቀራውን ቁርዓን ሳይሆን ሰውነቷን ሆነ።

ያዕቁብ ነገሩን በሌላ ተርጉሞታል። ሚስቱ ምንጣፉ ላይ ስትነሳና ስትወድቅ ሲያያት ሱናውን፣ ግዴታ ያልሆነውን ትርፍ ሶላት፣ የጨመረች መሰለው፤ ኮራባትም። ለሰው ሁሉ «ኩብራ እኮ ኢባዳ አብዝታለች» ይል ነበር፤ አምልኮዋን ማለቱ ነው። እሷም አላረመችውም። በውሸት ከመመስገን የባሰ ብቸኝነት የለም፤ ኩብራ በዚያ ወራት ብቸኛ ሴት ነበረች።

ሐሙስ ሐሙስ የሰፈሩ ሴቶች ለዱዓ የሚሰበሰቡት የሼህ አብዱልሀፊዝ ባለቤት ዩምና ቤት ነው። ዱዓው ሲያልቅ አስርን በአንድ ላይ፣ ሶፍ ሠርተው፣ በረድፍ ተሰልፈው ይሰግዳሉ። ኩብራ ከፊተኛው ሶፍ ጠፍታ አታውቅም ነበር። አሁን ግን ጉዳይ አለብኝ ማለት ጀመረች፤ አንድ ሐሙስ ሎሚው፣ ሌላው ሐሙስ ራስ ምታቱ። የፈራችው ሽታውን አልነበረም፤ እሱን በሳሙና ታሸንፈዋለች። የፈራችው ያ ሁሉ ወር የሰገደችው ሶላት ተቀባይ እንደሌለው ነው፤ ከእንግዲህም እስክትሞት ድረስ አንድ የተሟላ ሶላት አይኖረኝም ብላ ነው። የወር አበባዋ የቆመ ዕለት ያለችውን እያስታወሰች አለቀሰች።

በኅዳር አንድ የገበያ ቀን ነገሩ ፈነዳ። ኩብራ እንደ ልማዷ ከሱብሂ ጀምራ ይዛ፣ አንድ ጉንጭ ውሃ ሳትቀምስ፣ በአይሱዙ ተጭና ወጣች። እኩለ ቀን ሳይሆን ጀርባዋን ከወገቧ በላይ ይወጋት ጀመር፤ ከዚያ አንቀጠቀጣት። ቃሪያ የምትገዛት ሴት እጇን ነክታ «እሳት ሆነሻል» አለቻት። አብዱልጀሊል ተጠርቶ ሲመጣ ኩብራ ጋቢዋን ተከናንባ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። ሱቁን ዘግቶ፣ ደግፎ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። መንገዱን ሙሉ አልቀለደም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለቻት ፀደንያ የምትባል የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ የጤና መኮንን ሆና ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። የኩብራን ትኩሳት ለካች፣ ጀርባዋን በስሱ መታ መታ አደረገችላት፣ ከዚያ ለሽንት ምርመራ ዕቃ ሰጠቻት። ኩብራ ያን ሁሉ ሰዓት ይዛ ያመጣችው የዕቃውን ወገብ እንኳ አልሞላም፤ ቀለሙም የተንተከተከ ሻይ ይመስል ነበር። ዕቃውን ስታስረክብ ያዘነችው ለሕመሟ አልነበረም። ውዱእዋ ስለፈረሰ ነው።

ፀደንያ ውጤቱን ይዛ ተመለሰችና ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«እናቴ፣ የሽንት ቧንቧዎ በጀርም ተመርዟል፤ ወደ ኩላሊትም መውጣት ጀምሯል። አሁን መርፌ እንወጋዎታለን፣ ከዚያ የምሰጥዎትን ክኒን ሳያቋርጡ ይጨርሱታል። ተሻለኝ ብለው እንዳይቋጥሩት።»

ኩብራ የቋጠረችውን ክኒን የነገራት ሰው አለ ወይ ብላ ቀና ብላ አየቻት።

«የወር አበባዎ ከቆመ ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ሁለት ዓመት አለፈው።»

«አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ሴት ስታርጥ ገላዋን የሚያለሰልሰው ሆርሞን ይቀንሳል። የሽንት መውጫውና የብልት አካባቢው ቆዳ ይሳሳል፣ ይደርቃል፤ ጀርም በቀላሉ ይገባል። ፊኛውን ደግፎ የያዘው ጡንቻም በወሊድና በዕድሜ ይላላል። መጣደፉም፣ ጠብ ማለቱም ከዚህ ነው። የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል፣ አብዛኛዋ ግን አትናገርም።»

ኩብራ ጠብ ስለማለቱ ገና አልነገረቻትም ነበር። ልጅቷ ራሷ ስታነሳው ብቻዋን ስትሸከመው የኖረችው ነገር ትንሽ ቀለል አላት።

«ውሃስ ይጠጣሉ?» ብላ ጠየቀች ፀደንያ።

«በገበያ ቀን አልጠጣም።»

«ለምን?»

እዚህ ላይ ኩብራ፣ ትኩሳቱ እንዳለ ሆኖ፣ ትንሽ ቀና አለች። ስለ ውዱእ አስረዳቻት፤ ከሱብሂ እስከ አስር እንዴት እንደሚያዝ፣ ሃያ ስድስት ዓመት እንዴት እንደያዘችው፣ እናቷም እንዴት ይይዙት እንደነበር። ምስጋና የጠበቀችም ትመስል ነበር። ፀደንያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«እናቴ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የሶላቱን አላውቅም። የፊኛውን ግን አውቃለሁ። ሽንት አሥር ሰዓት ሙሉ ውስጥ ሲቀመጥ ለጀርሙ ቤት ሠርተው እንደሰጡት ነው። በየሦስት በየአራት ሰዓቱ መሽናት አለብዎት፤ ውሃ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ መጠጣት አለብዎት። ውዱኡን በምን መንገድ እንደሚያደርጉት ሃይማኖቱን የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ። ብቻ እንዲህ ከቀጠሉ ኩላሊትዎን ያጣሉ፤ ያኔ ለሶላቱም መቆሚያ አይኖርዎትም።»

ከዚያ ሽንት የሚያቋርጡበትን ጡንቻ አምስት እስኪቆጥሩ ጨመቅ፣ አምስት እስኪቆጥሩ ለቀቅ እያደረጉ በቀን ሦስት ጊዜ እንዲያሠሩት አሳየቻት፤ ተቀምጠውም ቆመውም ይሠራል፣ ማንም አያይም። ሲታጠቡ ከፊት ወደ ኋላ፣ ሳሙናውንም ወደ ውስጥ አለማስገባት። ጡት ላይ እብጠት፣ ከማህፀን ደም ነበረባት እንደሆን ጠይቃ አለመኖሩን ስታረጋግጥ፣ የሳሳውን ቆዳ የሚያለሰልስ በብልት የሚገባ ቅባት በወረቀት ጻፈችላት፤ ደብረ ብርሃን ፋርማሲ ይገኛል አለቻት፣ ለውጡን ለማየት ግን ሳምንታት እንደሚፈጅ አልደበቀቻትም። ኩብራ ሁሉንም አንገቷን እየነቀነቀች ተቀበለች። በልቧ ግን አንድ ነገር ብቻ ይመላለስ ነበር፤ በየሦስት ሰዓቱ ከሸናሁ ውዱኤ ምን ሊሆን ነው?

ወረቀቱን ደብረ ብርሃን የሚወስድ ሰው ስለሚያስፈልግ ለያዕቁብ መንገር ግድ ሆነ። ነገረችው። ያዕቁብ መወርወሪያውን አስቀመጠ።

«ታዲያ ያ ሁሉ መነሳትና መውደቅ…?»

«እየፈሰሰብኝ ነበር።»

«እኔ እኮ ወልይ ሆነሽ ከሰው ተራ ልትወጪ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር» ብሏት ሣቀ፤ ከዚያ መሣቁ አሳፈረውና ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መኪና ፍለጋ ወጣ። በማግስቱ ቅባቱን ይዞላት መጣ። ፋርማሲው ውስጥ ለማን ነው ሲሉት ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ «ለሚስቴ» ማለቱን ሁለት ጊዜ ነገራት። በእርግጥም ትንሽ ነገር አይደለም።

የቀረው የሶላቱ ጥያቄ ነበር፤ ኩብራን የከበዳትም እሱ ነው። የሰፈሩ ሴቶች የሚያሳፍር ጥያቄ ሲኖራቸው ሼህ አብዱልሀፊዝ ፊት አይቀርቡም። ለዩምና ይነግሯታል፣ ዩምና ለባሏ ታቀርባለች፣ መልሱን ይዛ ትመጣለች። ጠያቂዋም ሁልጊዜ «አንዲት ሴት» ናት። ሼሁ ማን ናት ብለው አይጠይቁም፣ ዩምናም አትናገርም። በዚህ መንገድ የስንቱ ቤት ጉዳይ ተፈቷል።

ኩብራ ሎሚ ቋጥራ ሄደች። ዩምና ከእሷ በሰባት ዓመት የምትበልጥ፣ ንግግሯ የተመጠነ ሴት ናት።

«እቴ ዩምና፣ አንዲት ሴት አለች፤ የጎረቤላ ናት። ሽንቷ አይያዝላትም። ሱጁድ ስትወርድ ጠብ ይልባታል። ሐኪሟ ደግሞ ይዘሽ አትቆዪ ብላታለች። ሶላቷ እንዴት ይሁን ብላ ጠይቂልኝ አለችኝ።»

ዩምና ሎሚውን ተቀበለች። ፊቷ አልተለወጠም። «የጎረቤላ ሴት» አለች ቀስ ብላ። «እጠይቅላታለሁ። ሐሙስ ቀደም ብለሽ ነይ።»

እስከ ሐሙስ ያሉት ቀናት ለኩብራ ረዘሙባት። ክኒኑን በሰዓቱ ዋጠች፤ ትኩሳቱ ጠፋ፣ ማቃጠሉ ለቀቃት። ውሃ መጠጣት ግን እንደ መድኃኒቱ አልቀለላትም፤ በእያንዳንዱ ብርጭቆ የእናቷ ዓይን የሚያያት ይመስላት ነበር። ጡንቻውንም ሎሚ ስትለቅም፣ ስትቀመጥ አሠራችው። ሶላቷን ለብቻዋ፣ በፍርሃት፣ እየደጋገመች ሰገደች።

ሐሙስ ሌሎቹ ሴቶች ሳይመጡ ደረሰች። ዩምና በሩን ገርበብ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ለዚያች ሴት እንዲህ በያት። አንደኛ፣ ሽንት ወጥሮ ይዞ መስገድ የሚጠላ ነው። ልብ ከሶላቱ ይወጣልና። መጀመሪያ ሸንታ፣ እንደገና ታጥባ ትስገድ።»

«የሚጠላ?» አለች ኩብራ።

«የሚጠላ። ሁለተኛ፣ እንደ እሷ የማይያዝላት ሰው የሶላቱ ወቅት ሲገባ ትታጠብ፣ ንጹሕ ጨርቅ ታድርግ፣ ውዱእ ታድርግ፣ ወዲያው ትስገድ። ከዚያ በኋላ ሳትወድ የሚመጣባት ይቅር የተባለላት ነው፤ አታቋርጥ። ለሚቀጥለው ሶላት ደግሞ እንደ አዲስ ታድርግ። ያለፈውንም በአላህ ራሕመት፣ በምሕረቱ ላይ ትጣለው፤ አቅሟ የፈቀደውን አድርጋለች።»

ኩብራ መሬት መሬት አየች። ሃያ ስድስት ዓመት የተመሰገነችበት ነገር የሚጠላ ኖሯል፤ ያሳፈራትና የደበቀችው ነገር ደግሞ ይቅር የተባለ ኖሯል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡባት መሣቅም ማልቀስም አማራት፤ ማልቀሱ ቀደመ።

«ሼሁ ማን ናት ብለው አልጠየቁም?» አለች ኩብራ ዓይኗን ጠርጋ።

«በወትሮው አይጠይቁም። ይኸኛው ግን የሕመም ነገር ስለሆነ፣ ትታከም እንደሆን ሊያውቁ ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«እኔ ነኝ አልኳቸው።»

ኩብራ ደነገጠች። «እቴ ዩምና፣ በእኔ ምክንያት ለባልሽ ዋሸሽ?» አለች፤ የጎረቤላዋን ሴት ረስታት ነበር።

«አልዋሸሁም» አለች ዩምና። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ደጋግማ አስተካከለች። «ሦስት ዓመቴ ነው። የሰፈሩ ሴት ጥያቄ ሁሉ በእኔ አፍ ነው የሚያልፈው፤ የራሴን ግን ማን ይጠይቅልኝ? አንዲት ሴት ልበላቸው እያልኩ ስንቴ ጀመርኩ፤ አፌ ላይ ሲደርስ ያውቁብኛል እላለሁ። ከሊቁ ጋር በአንድ ቤት እየኖርኩ ሦስት ዓመት ሙሉ ሶላቴ ይሁን አይሁን ሳላውቅ ሰገድኩ። አንቺ ባትመጪ ኖሮ ይዤው ነበር የምሞተው።»

ኩብራ የዩምናን እጅ ያዘች። ይቺ ሴት ለሁሉም መልስ ስታመላልስ ስትኖር፣ አንድም ሰው፣ ኩብራም ራሷ፣ አንቺስ ደህና ነሽ ወይ ብሏት አያውቅም። ይህን ስታስብ አፈረች።

«እሳቸው ምን አሉሽ?»

«ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ‹ሦስት ዓመት?› አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። በማግስቱ ለሱብሂ ስነሳ ውሃውን ራሳቸው አሙቀው፣ ማሰሮው አጠገብ ጨርቅ አስቀምጠውልኝ አገኘሁ።» ዩምና ይህን ብላ ፊቷን አዞረች፤ ወዲያው ግን መለሰችና «የጎረቤላዋ ሴት ክኒኗን ጨረሰች?» ብላ ጠየቀች።

«ጨርሳለች» አለች ኩብራ።

«ያቺ ሐኪም እኔንም ታየኛለች?»

«ታይሻለች። በሚቀጥለው ገበያ አብረን እንወጣለን። የምንሸናውም አስፈቅደን አብዱልጀሊል ጓሮ ነው፤ ለጀሪካኑ የውሃ ዋጋ ሎሚ እሰጠዋለሁ።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ መጡ፣ ቤቱ ሞላ፣ ዱዓው ተደረገ። የአስር አዛን ሲሰማ ውዱእ ያላቸው ባሉበት ቀሩ። ኩብራ ሁሉም እያያት ተነሳች፣ ጓሮ ሄዳ ሸናች፣ ታጠበች፣ ጨርቅ ቀየረች፣ ውዱእ አደረገች። ከኋላዋ ዩምና ተራዋን ትጠብቅ ነበር። አንዷ ሴት «ዛሬ ኩብራም ውዱእዋ ፈረሰ?» ብላ ቀለደች። «ፈረሰ» አለች ኩብራ፤ ከዓመት በኋላም ወደ ፊተኛው ሶፍ ተመለሰች፣ ዩምናም አጠገቧ ቆመች።

የመጀመሪያው ሱጁድ በደህና አለፈ። ሁለተኛው ላይ፣ ግንባሯ ምንጣፉን እንደነካ፣ የፈራችው መጣ። ኩብራ ታወቃት። ሰውነቷ በልማድ ሊነሳ ሲል ያዘችውና እዚያው ቀረች። «ሱብሓነ ረቢየል አዕላ»፣ ልዑሉ ጌታዬ ጥራት ይገባው፣ አለች፤ ሦስት ጊዜ፣ ቃሉን እየሰማችው። ከዚያ ከሶፉ ጋር ተነሳችና ሶላቷን እስከ ሰላምታው ጨረሰች።